ለደመቀች የተመረጠ ኤሲ

ባለቤቴ ደመቀች በማሠራት ጀልባ ላይ አብራኝ እንድትኖር በለመንኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ «ሙቀቱን አልችለውም።» እውነት አላት አልኩ። በሱሉልታ ብርድ ተወልዳ ያደገች ሴት ጫሞ ሐይቅ ላይ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ደግሞ ያለ እሷ አልሄድም። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ልጃችን አግብታ ሄዳለች፤ ቱሪስት እያንሸራሸርን ውሃ ላይ እንኑር ያልኩት ለሁለታችን ነው። ስለዚህ ተስፋዬ ሁሉ ኤሲው ላይ ነበር።

ጀልባዋ የምትሠራው ሰበታ፣ ኦቦ ቀጄላ ብረታ ብረት ቤት ነው። ኤሲ የምትገጥመው ፈቲያ ከቡራዩ መጣች። እሷ ስታስረዳ፣ እኔ ስጨቀጭቃት ዋልን። ትልቁ ኤሲ ጀልባዋን በሙሉ ያቀዘቅዛል፤ ግን ትልቅ ጄኔሬተር ይፈልጋል። ጩኸቱ ደግሞ ጉማሬ ያባርራል፤ እንግዳው የሚመጣው ጉማሬ ሊያይ! በሐይቁ ውሃ የሚሠራው ሌላው ኤሲ ድምፅ የለውም፤ ቱቦው ግን በደለል ይደፈናል።

«ጋሼ፣ ለእናንተ መኝታ ክፍል ብቻ የሚሆን ትንሽ ይግዙ» አለች ፈቲያ። «ባትሪውም ይችለዋል።»

«እንግዳውስ?»

«የኛ ሰው እንደሆነ በላብ ተጠምቆም ‹መስኮት ዝጉ፣ ነፋስ መታኝ› ነው የሚለው። ለፈረንጁ መስኮት ይክፈቱለት!»

ሳቄ መጣ፤ ተስማማሁ። ወዲያው ግን ብረት ቆራጩ የኤሲውን ቀዳዳ አጣሞ ሲቆርጠው ሳቄ ጠፋ። ግቢው እስኪናወጥ ጮህኩበት።

«ሱታ፣ ኦቦ መኮንን፣ ሱታ! ቀስ ይበሉ፤ ይስተካከላል» አለ ቀጄላ።

ተስተካከለም። ቅዳሜ ደመቀችን ይዣት መጣሁ። የጀልባዋ መኝታ ክፍል ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ኤሲውን ከፈትኩት። ብዙም ሳይቆይ ነጠላዋን ሰበሰበች። ደስታዬን አልቻልኩትም።

«እህ! አሁንስ ምን ቀረሽ?»

የብረቱን ግድግዳ በእጇ ዳሰሰችው።

«ሙቀቱ አልነበረም፣ መኮንን» አለች። «ቤታችን ስትቆጣ ጎረቤታችን እነ የወይንሐረግ ጋ ሄጄ እቀመጣለሁ። ንዴትህ ሲበርድ እመለሳለሁ። ይኸው ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርን። ውሃ ላይ ስትቆጣ የት ልሂድ?»

እኔ? ይህን ሁሉ የደከምኩት ለማን ሆነና! ደሜ ፈላ። ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ዐይኗ በሩን ሲፈልግ አየሁ።