በጎንደር ያልበራው ሻማ

ምናሴ ከቀትር ጀምሮ አላርፍ ብሏል። ከሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማ መስኮት ወደ ማድቤት፣ ከማድቤት ወደ መስኮት ይመላለሳል። ሲጨልም ስምንት ሌሊት ሻማ የሚበራበት የአይሁድ በዓል፣ ሀኑካ፣ ይገባል፤ የመጀመሪያው ሻማ ይበራል። የልጁ የአቢጊያ የምኩራብ አስተማሪ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ እየነዳች ነው። የምትመጣው የበዓሉ የድንች ጥብስ አምሯት እንዳይመስላችሁ። ሀኑካ ጎንደር ውስጥ እንዴት ይከበር እንደነበር ከአዛውንት አንደበት ልትሰማ ነው።

ጣጣውን ያመጣው ራሱ ነው። ምኩራብ ውስጥ አንዱ «እናንተ አገርም ሀኑካ አለ?» ሲለው፣ ከጥያቄው ጀርባ «ለመሆኑ አይሁዳዊ ነህ?» የሚል ሌላ ጥያቄ የሰማ መሰለውና፣ «እንዴታ፣ በሸክላ ኩራዝ፣ በኑግ ዘይት ነበር የምናበራው» አለ። አቢጊያ አጠገቡ ነበረች። ለምኩራብ ክፍሏ ልጆች አወራችው፣ ሥዕል ሣለችለት፣ ኮራችበት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የምናሴ ውሸት ግን እያደር ሰባ። ቤተ እስራኤል ጎንደር ሳሉ ሀኑካ የሚባል በዓል አያውቁም ነበር። የሰሙትም እስራኤል ከገቡ ወዲህ ነው።

ይህንን ደግሞ አባቱ አቶ ይገዙ አሳምረው ያውቁታል። ሊጠይቁት ከእስራኤል ከመጡ ገና ሳምንታቸው ነው፤ መዋሸት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

«አባባ፣ ስለ ጎንደር ከጠየቀችዎት ‹ደስ ይል ነበር› ይበሉ» አላቸው።

«ምኑ?»

«በዓሉ።»

«የትኛው በዓል?»

በሩ ተንኳኳ።

አስተማሪዋ ገብታ እንደተቀመጠች ጠየቀች፤ ምናሴ አስተረጎመ።

«ሀኑካ?» አሉ ሽማግሌው። «አልነበረንም።»

 ምናሴ አጣሞ ሊተረጉመው ቃጣው፤ አቢጊያ ግን አማርኛ ባትናገርም ትሰማለች። አፍጥጣ ታየዋለች። «አልነበረንም ነው የሚሉት» አለ በእንግሊዝኛ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሽማግሌው ቀጠሉ። «እስራኤል በገባን በዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት ሻማ ይዞ መጣ። እኔ ጧፍ የማውቀው የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ‹የክርስቲያን ጧፍ ቤቴ አይገባም› ብዬ ከነሻማው አስወጣሁት። ደጅ ተቀምጦ ለኮሰ። ነፋሱ ያጠፋበታል፣ እያለቀሰ ደግሞ ይለኩሳል። አንጀቴ አልችል አለና ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የበዓሉን ታሪክ ነገረኝ፤ ጸሎቱን ቃል በቃል አስጠናኝ። ዘር ማንዘሬ የማያውቀውን በዓል ቤቴ ያስገባው ያ ልጅ ነው።»

ምናሴ «ልጁ፣ ልጁ» እያለ ተረጎመ።

«ልጁ አሁን የት ነው?» አለች አስተማሪዋ።

 «እኔ ነኝ» አለ ምናሴ።

«ዳዲ፣ ይሄ እኮ ከኩራዙ ስቶሪ ይበልጣል» አለች አቢጊያ በእንግሊዝኛዋ። «ለምን ደበቅከኝ?»

 ምናሴ ለሰው ይምሰል ብሎ የፈጠረው ነገር የገዛ ልጅነቱን እንደሸፈነበት ገና አሁን ገባውና አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ አዘነ።

አቶ ይገዙ ማቀጣጠያዋን ሻማ አንስተው ሰጡት። «በል ለኩስ፤ ዛሬ ደጅ አይደለህም።»

እያነባ ለኮሰ። ጸሎቱን ግን የጀመሩት አባቱ ናቸው።