አቲኮን ማን ይሸኘው

ቋንቋ ሊያጠና ወደዚያ ሸለቆ የወጣ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቅማል ነበር። «ቅማል በእናንተ ምን ይባላል?» ከዚያ ውሻ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ውሃ። ኤቺሊ ለሁሉም መልሳለች፤ የሩዝ ጠላም ቀድታላቸዋለች። ዓመት ሳይሞላ ሌላው ምሁር ይመጣና ስለዚያችው ቅማል ይጠይቃል። የፊተኛው መንገድ ላይ ጥሏት ይሆናል ትል ነበር።

ባሏ አቲኮ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረበት። የሞተን ሰው ነፍስ በዜማ እየመራ፣ ከምድጃው አስነስቶ፣ የቀርከሃውን ድልድይ አሻግሮ፣ ዳገቱን አውጥቶ አባቶች ካሉበት ወንዝ የሚያደርስ እሱ ብቻ ቀርቷል። ልጁ ጊንኮ የሂንዲ ዘፈን እንጂ የአባቱን ዜማ አልተማረም። መንደሩን ሁሉ ሸኝቶ ሲያበቃ እሱን የሚሸኘው የለም። መንገድ ያጣ ነፍስ ደግሞ ቤት እየዞረ አሳማ ከማስደንገጥ በቀር ሥራ የለውም።

ስለዚህ ከምሁራኑ አንዱ ዶክተር ናምቢያር አዲስ የድምፅ መቅጃ ይዞ ሲመጣ፣ አቲኮ ቅማሉን ከመለሰለት በኋላ ጉዳዩን አነሳ። ዜማው ይቀዳ፤ እሱ ሲሞት ይከፈትለታል። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ዜመኛው ከሟቹ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ወንዙ ላይ ትቶት የመመለሻውን እያዜመ ይመጣል። ካላዜመ እዚያው ይቀራል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ምድጃውን ይጠራል፤ ኤቺሊም «ቤት ነኝ፣ ና» ትለዋለች። ዕድሜ ልኳን ስትለው ኖራለች።

«ወንዙ ጋ ስደርስ ትዘጋዋለህ» አለው አቲኮ። «መመለሻው ለዛሬ ነው። የሞትኩ ለት መመለስ አልፈልግም።»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። የተማረ ሰው አነቃነቅ ነው፤ ሰማሁ ማለት እንጂ እሺ ማለት አይደለም።

ያለ ሟች መንገዱ አይከፈትምና በሰው ምትክ አውራ ዶሮ ታረደ። አቲኮ በዜማው ወንዙ ጋ ደርሶ ዝጋው ብሎ እጁን ሲያነሳ ዶክተሩ አንዲት ቁልፍ ነካ። የትኛዋን እንደነካ ኤቺሊ ከየት ታውቃለች? ሲሄድ ዜማው የተቀዳበትን ካርድ በሪባን አስሮ ሰጣቸው። ሰው ሳይሞት ዜማውን መስማት ነውር ስለሆነ ማንም አልከፈተውም።

አቲኮ በብርቱካን ለቀማ ወር ሞተ። ጊንኮ ለሠርግ የሚያከራየውን ድምፅ ማጉያ አስከሬኑ አጠገብ አቆመና ካርዱን ከተተ። ሟቹ ራሱን ይመራ ጀመር። ወንዙ ጋ ደረሰ። «እዚህ ትቼሃለሁ» አለ። ኤቺሊ ድምፁ እስኪቋረጥ ጠበቀች። አልተቋረጠም።

ሳይንስ ጎዶሎ ነገር አይወድማ። ድምፁ ዞሮ ቁልቁለቱን ይወርድ ጀመር። የጥንቱን ቃል የሚለይ ከእሷ በቀር ስላልነበረ ለቀስተኛው ያንኑ ለቅሶውን ያለቅሳል። እሷ ግን ባሏ እየመጣ መሆኑን አወቀች። እጇን ወደ ማጉያው ዘረጋችና ተወችው። ገና ሳይቀበር ናፍቋታል። ትንሽ ይጠጋ፣ አለች በልቧ፤ ድልድዩ ጋ ይድረስ። ደረሰና ምድጃውን ጠራ። ቀጥሎ የሚመጣው የራሷ ድምፅ ነው፤ ዜማው በተቀዳበት ቀንም እንደ ልማዷ «ና» ብላዋለች። ድምፅዋ ሳይቀድማት ዘጋችው።

«ምነው እማዬ?» አለ ጊንኮ።

«አባትህ ድልድዩ ላይ ቆሟል። ከመጀመሪያው ክፈተው።»

«እንደገና?»

«ያ ምሁራችሁ መልሶ አምጥቶታላ። ጉልበት ምን እንደሚባል ጽፎ ሄደ፤ አባትህን ያመው እንደሆነ ግን አልጠየቀም። በዚያ ጉልበቱ ዳገቱን ድጋሚ ይውጣው እንግዲህ።»

በሁለተኛው ጉዞ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ አብራው ወጣች። «እዚህ ትቼሃለሁ» ሲል ዘጋችው።

የሸኘ ሰው መመለስ አለበት። ኤቺሊ በሰለለ ድምፅ የመመለሻውን ዜማ ጀመረች፤ የሚቀዳት አልነበረም። ቁልቁለቱን ወረደች፣ ድልድዩ ጋ ደረሰችና ምድጃዋን ጠራች። መልሱን የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ የለም። ጥቂት ጠበቀች።

«ቤት ነኝ፣ ነይ» አለች እሷው ራሷ።