ለየኔታ የተዘረጋው መብራት

ባለቤቴ መሪጌታ ባምላክ በገነተ ማርያም አካባቢ ድጓ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አብሮ ማርጀት ደፋር ያደርጋል፣ ይቅር በሉኝ ልጆቼ።

ባለፈው ዓመት ጉሮሮው ላይ እብጠት ወጣበትና ደሴ ወስደነው ታየ። ሐኪሙ፣ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል። ሕይወትዎ ይተርፋል፣ ድምፅዎ ግን አይተርፍም» አለው። ቀጠሮ ሰጥቶ ወደ ቤት መለሰን።

የልጅ ልጃችን ሰብሌ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ናት። ይህን ስትሰማ እንባዋን ጠርጋ፣ «ድምፁን እንቀዳዋለን» አለች። በስልክ ይበቃ ነበር ብንላት፣ ስልክ የአባባን ወፍራም ድምፅ ያሳሳዋል ብላ እንቢ አለች። መምህሯ ጋሻዬም ለቅጂው የሚሆን የድምፅ ማጉያ ሳጥን መሥራቱን የመመረቂያ ሥራዋ አደረገላትና፣ ደሳለ ከሚባል የክፍል ጓደኛዋ ጋር ይዟት ቤታችን መጣ።

ጋሻዬ ማስተማር ያውቅበታል። ሰፌዴን ተዋሰና የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ወገባቸው ላይ ቀለም የተቀቡ ነገሮች ዘረገፈበት። ሬዚስተር ይሏቸዋል፤ የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚያጠቡ ናቸው አሉ።

«ይህች የወርቅ ቀለም መስመር ምን ትለናለች?»

«ከተጻፈላት ልክ በመቶ አምስት ከፍ ወይም ዝቅ ልትል እንደምትችል» አለች ሰብሌ።

«ታዲያ ቀለማቸው አንድ የሆኑ ሁለቱ ምንድን ናቸው?»

«መንታ!» አለ ደሳለ።

«የምን መንታ! አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ጎረቤታሞች ናቸው። ሳትለኩ እንዳታጣምሯቸው።»

መሪጌታ መደቡ ላይ ጋደም እንዳለ ሳቀ። «እኔም ጋ እንዲሁ ነው። ሁሉም ነጭ ለብሰው ይመጣሉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ጉዱ የሚታየው።»

ጋሻዬ ነገሩን ለእኔም በሚገባኝ አድርጎ ነገረኝ። ድምፁ በሁለት ሽቦ ይመጣል፣ በአንዱ ላይ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ። አጠገቡ የመብራት ገመድ ካለ ጉርምርምታው በአየር ተሻግሮ በሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ይሳፈራል። ሳጥኑ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ እኩል የሆነው ይጠፋል፣ ድምፁ ይቀራል። የሳጥኑ ሬዚስተሮች እኩል ካልሆኑ ግን ጉርምርምታውም አብሮ ይቀራል።

በማግስቱ ሬዚስተሮቹን ስትለካ መለኪያው ባትሪ ጨረሰ። ላሊበላ ድረስ የእሱ ዓይነት ተፈልጎ ታጣ። ጊዜ አልነበረምና ሰብሌ የቀሩትን ቀለማቸውን ብቻ አይታ አጣመረቻቸው። «ልዩነቱ ትንሽ ነው» አለች። ሳጥኑን ጄኔሬተር ሳይነሳ በራሱ ባትሪ ስትሞክረው ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ እኛም አጨበጨብን።

የቀረጻው ቀን ሰዓቱ ወደ ማታ ገፋብን። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት ተፈልፍሎ የወረደ ነውና ግቢው ቶሎ ይጨልማል። መሪጌታን የሚያህል ሰው ጨለማ ውስጥ ማቆም ነውር ነው ተባለና አምፖል ተዘረጋለት። ጄኔሬተሩ ጩኸቱ እንዳይሰማ ላይ፣ ከጥበቃው ጎጆ ጀርባ፣ ርቆ ተቀመጠ። አለቱ ላይ ምስማር አይመታም፤ ስለዚህ ወደ ታች የሚወርደው የመብራት ገመድና ወደ ጎጆው የሚወጣው የድምፅ ሽቦ በአንዲት የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ተኙ።

«መብራቱ ለማን ነው?» አለ መሪጌታ። «እኔ እንደሁ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምለው።»

«ለክብርዎ ነው፣ የኔታ» አለ ደሳለ።

«ክብሬ ይየው እንግዲህ! እኔንስ ያሞቀኛል።»

እኔ ከሰብሌና ከሳጥኗ ጋር ጎጆው ውስጥ ነበርሁ። ሐኪሙ ጉሮሮህን አታድክም ስላለው አንድ ጊዜ ብቻ ሊል ነው የተስማማው። ዜማውን ጀመረ። ወዲያው ማዳመጫውን ያደረገችው ሰብሌ ፊቷ ጠቆረ። ለእኔም አጠለቀችልኝ። ከድምፁ ሥር፣ ከሩቅ የሚሰማ ወፍጮ የመሰለ፣ እምምም የሚል ነገር አለ።

«አስቁሚው!» አልኋት።

«አባባን? በዜማ ላይ እያለ?»

እውነቷን ነው። መሪጌታ ዜማ ከያዘ እዚህ አገር ሳል እንኳ ይታፈናል። ከዚያ እጇ ወደ መብራቱ ገመድ ሄደ። ያን አጠገቧ ካለው ሶኬት ብትነቅለው ጉርምርምታው እንደሚጠፋ ገብቷታል። ጣቶቿ ይዘውት ቆዩ። በመስኮቱ ቁልቁል አየች፤ መቋሚያውን ተደግፎ በብርሃኑ መሀል ቆሟል፣ ሽበቱ ያበራል።

«እማማ፣ ጨለማ ውስጥ ልተወው?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ እጇን መለሰችው።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ፣ ተመስገን። አሁን መሪጌታ የሚያዋራኝ በጣቱ ነው።

ጋሻዬ ቅጂውን በኮምፒውተር አጥቦ አመጣልን። ጉርምርምታው ጠፍቷል፤ የመሪጌታም ወፍራም ድምፅ አብሮት ሄዷል። «የሁለቱ ውፍረት አንድ ሆኖብኝ ነው፣ መለየት አቃተኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። መሪጌታ አዳመጠና ደረቱን በጣቱ ነክቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ይሄ እኔ አይደለሁም ማለቱ ነው። ያልታጠበውን ሲከፍቱለት ግን ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ እስከ መጨረሻው ሰማው።

ሰብሌ እግሩ ላይ ወደቀች። «ያንን ገመድ ብነቅለው ኖሮ አባባ!» እሱ አነሳትና ግንባሯን ሳማት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምን ሊላት እንደፈለገ አላወቅንም።

ለእረፍት ስትመጣ እሱ ቅጂውን ከከፈተ እሷ ወደ ጓሮ ትወጣለች። እኛ ዜማውን እንሰማለን፣ ለእሷ የሚሰማት እምምታው ብቻ ነው። እሱም ይህን አየ። ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት ሳለች አይከፍተውም፤ ተማሪዎቹ መጥተው ቢለምኑት እንኳ በእጁ ያሰናብታቸዋል። ወደ ትምህርቷ ስትመለስ በር ላይ ቆሞ ይሸኛታል፤ መኪናው ኩርባውን እስኪያልፍ ይጠብቅና፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ ክፈቺው ይለኛል በጣቱ።