የአስከሬን መኪናዋ ቴፕ

ሹፌሩን ሰፈርተኛው «አድራሽ» ይለዋል። ዕድሜውን የጨረሰው የአስከሬን መኪና በመንዳት ነው፤ ከከተማ የሞተውን ሰው ወደ ትውልድ አገሩ ይወስዳል፤ ቀብሩ ሲያልቅ ባዶ መኪና ይዞ ብቻውን ይመለሳል። መሄጃው አይከፋም፤ ሐዘንተኛ አብሮት ስላለ ለቅሶው ራሱ አያስተኛውም። ክፉው መመለሻው ነው። የአስፋልቱ ርዝመት፣ የፀሐዩ ግለት፣ ከኋላው ያለው ባዶነት ተደማምረው ዐይኑን እንደ ሙጫ ያጣብቁታል።

በቅርቡ አንድ ቀን እንዲሁ ተጣብቆበት፣ ነቅቶ ሲያይ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ የሰው ማሳ ውስጥ ቆማለች። እሱንም እሷንም ጭረት አልነካቸውም። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ግን የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«የሰው ሬሳ ስታመላልስ የራስህን ልታመጣልኝ ነው?»

«ኧረ ትንሽ ሸለብ አደረገኝ እንጂ…»

«ወይ ሥራውን ተው፣ ወይ የሚያነቃህ ነገር አስገባባት። ያውራ፣ ይዝፈን፣ ይጩህ፤ ምንም ይሁን።»

የመኪናዋ ቴፕ ከመኪናዋ ጋር አርጅቷል። ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው፤ ሞተሩ ከፍ ካለ ደግሞ እሱም አይሰማም። አድራሽ አለቃውን አስፈቀደ። አለቃው «ሐዘንተኛ ፊት እንዳትከፍተው እንጂ የራስህ ጉዳይ» አለው። አድራሽም አዲስ ቴፕ፣ የበር ስፒከሮችና አንድ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ይዞ ሽቦ ዘንድ ሄደ።

ሽቦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፤ ስሙ ለሥራውም ለቅጥነቱም ይሆናል። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ይሠራል። ሰሞኑን ሚስቱ መንታ ወልዳለት እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቷል።

«ተራ ገብተው ነው የሚያለቅሱት ጋሼ። ልክ እንደ ዘበኛ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል» አለ፣ ዐይኑን በክንዱ እያሸ።

«እኔ መንገድ ላይ እተኛለሁ፤ አንተ አልጋህ ላይ አትተኛም። ብንቀያየር ይሻል ነበር።»

ዳሽቦርዱን ፈቱት። ስፒከሮቹ በሩ ውስጥ ገቡ። ሽቦ ከባትሪው ወፍራም ገመድ ሳበ፤ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ አስቀመጠለት። ክርክሩ የመጣው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። ዕቃው እንደ መዝገብ ሰፊና ከባድ ነው፤ ሲሠራ ይግላል፤ አየር ይፈልጋል፤ ውኃ አይወድም።

«ኋላ እናድርገው» አለ ሽቦ፣ ሳጥኑ የሚያርፍበትን ወለል እያሳየ። «ሰፊ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ማንም አይረግጠውም።»

«እዚያ ማንም አይበሳም።»

«አራት ቀዳዳ ናት እኮ።»

«አንድም አትሆን። የሰው አባት ነው የሚተኛበት፤ የሰው ልጅ ነው የሚተኛበት። እግሩ ሥር የዘፈን ዕቃ አላደርግም።»

ሽቦ አልተከራከረም። ከሐዘንተኞቹ አግዳሚ ወንበር በታች አየ፤ ሰው በእግሩ ይመታዋል። ከሹፌሩ ወንበር በታች አየ፤ ክሪኩ አለ፤ ወንበሩም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተት ገመዱን ይበላዋል። ዳሽቦርዱ ሥር ደግሞ የሞተሩ ሙቀት ይመጣል። ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ፣ ጋቢናውን ከኋላው የሚለየው ብረት ጋ ያለው ክፍተት በብርድ ልብስ፣ በጃንጥላና በውኃ ጀሪካን ስለተጠቀጠቀ ማንም ልብ አላለውም። ሁለቱም ደክሟቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

በዚህ መሀል አለቃው ደወለ። ሌላኛዋ መኪና መንገድ ላይ ቆማለች፤ ሆስፒታል ሟች አለ፤ ቤተሰቡ መቃብሩ ቦታ እየጠበቀ ነው።

«ጌታዬ፣ መኪናዋ ተፈትታለች» አለ አድራሽ።

«ጎማዋም ተፈቷል?»

«ጎማዋስ አለ።»

«እንግዲያው ሂድ!»

ሽቦ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች አየና ራሱን ነቀነቀ። ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ ጫፎቹን በናስትሮ ጠቀለለ። «ይህን ሁሉ ዘርግፌ ብቻዎን አልሰድዎትም። አንዱ ቢነካካ መንገድ ላይ ነው የሚቀሩት» አለ፤ አምፕሊፋየሩንም እንደ ሕፃን ታቅፎ ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ሆስፒታሉ በር ላይ የጠበቀቻቸው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የሟቹ ልጅ። ወደ አርባዎቹ ትሆናለች። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስም አቅም ያላት አትመስልም። ሳጥኑ ሲገባ ቆማ አየችና፣ ጋቢና ከአድራሽ አጠገብ ወጥታ ተቀመጠች።

አድራሽ ፊት ለፊቷ አፉን የከፈተውን ዳሽቦርድ በእጁ ሊሸፍነው ቃጣው። «ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። በጥገና ላይ እያለን ነው የተጠራነው። ነውር ነው፤ አውቃለሁ።»

«ምንም አይደል።»

ከከተማው እስኪወጡ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። አድራሽም እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ ለሐዘንተኛ ከዝምታ የተሻለ ክብር እንደሌለ ያምናል። ሴትዮዋ ግን ትቁነጠነጣለች። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ፣ ሳጥኑ ወደሚታይባት ትንሿ የጋቢና መስኮት ታዞራለች፤ ትመልሳለች፤ ደግማ ታዞራለች።

«ጋሼ፣ ሬዲዮው ይሠራል?» አለች በመጨረሻ።

አድራሽ ጆሮውን ተጠራጠረ። «ምን አልሽ እህቴ?»

«ሬዲዮ። ዜናም ቢሆን፣ ምንም ቢሆን።» እጇን ጉልበቷ ላይ አሸች። «አባቴ ብዙ ተኝቶ ነው የሞተው። ሌሊት ሌሊት ትንፋሹን ሳዳምጥ ነው የከረምኩት። ሲቆም ብድግ፣ ሲቀጥል ጋደም። አሁን ሞቷል፤ ጆሮዬ ግን አልገባውም። ዝም ሲል ያዳምጣል። እዚህም ቁጭ ብዬ እያዳመጥኩት ነው።»

አድራሽ ስንቱን ሐዘንተኛ ጭኖ ዝም ሲል፣ ዝምታው የከበደው ይኖር ይሆን ብሎ አስቦ አያውቅም። በመስኮቷ በኩል ሲያይ ሽቦ አንገቱን አስግጎ ሰምቷል።

«ያቁሙልኝ ጋሼ» አለ ሽቦ። «አምስት ደቂቃ።»

መንገድ ዳር ቆሙ። ሽቦ ወርዶ ፊውዙን ከኪሱ አወጣ። አምፕሊፋየሩን ግን የት ያስቀምጠው? ወለሉ ላይ ቢተወው በየኩርባው ይንሸራተታል። ከሴትዮዋ ወንበር ጀርባ ብርድ ልብሱን፣ ጃንጥላውንና ጀሪካኑን ጎትቶ አወጣና ዕቃውን በጎኑ አቆመው። ልክ ለእሱ የተለካ ይመስል ገጥሞ ቆመ። የተሳፋሪው ወንበር አይንሸራተትም፤ ከጀርባው ያለው ብረትም ንጹሕ ነው። ኤሌክትሪኩ በብረቱ እንዲመለስ ቀለሙን በካቻቪቴ ፋቅ አድርጎ ጥቁሩን ሽቦ በብሎን አሰረበት፤ የቀሩትን ጫፎች አገናኝቶ ፊውዙን መለሰ።

«ዐይናችን ሥር ነበር እኮ» አለ ለራሱ።

ቴፑ በራ። መጀመሪያ የመጣው ጣቢያ ላይ አንድ ባለሙያ ስለ ቲማቲም አተካከል ይናገራል። ድምፁ ወፈር ያለ፣ የጠራ፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ዓይነት ነው። ቲማቲም ውኃ ከሥሩ እንጂ ከላይ አይወድም፤ ቅጠሉ ከራሰ ይታመማል፤ ይላል። አድራሽ ጣቢያ ሊቀይር እጁን ዘረጋ።

«ይተዉት ጋሼ፤ እባክዎ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያም ከንፈሯ ትንሽ ተፈታ። «አባቴ ቢሰማው ይከራከረው ነበር። ምንም ሳይተክል የማይከራከረው ገበሬ አልነበረም።»

ባለሙያው ስለ ፍግ ሲጀምር ጭንቅላቷ በሩ ላይ ዘንበል አለ። ስለ ትል ሲደርስ እንቅልፍ ወስዷታል። አድራሽ በመስተዋቱ ኋላ ቢያይ ሽቦም ክንዱን ሳጥኑ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። መኪናዋ ውስጥ የነቃው እሱ ብቻ ነው። ፍጥነቱን ቀነሰ። ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንደ እንቁላል ሻጭ እየዞረ፣ የቲማቲሙን ትምህርት እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

መቃብሩ ቦታ ሲደርሱ ቴፑን ዘጋ። ዘመዶች ወደ መኪናዋ መጡ። አድራሽ በመስታወቱ በኩል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሳያቸው፤ እነሱም ተኝታ ሲያዩአት ተረድተው ዝም ብለው ቆሙ። ብዙም አልቆዩ፤ ዝምታው ራሱ ቀሰቀሳት። ቀና ብላ ሰዎቹን ስታይ፣ ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የመጣላት።

የኋላው በር ሲከፈት ሽቦ ዐይኑ ደም መስሎ ወረደ። አንድ ሽማግሌ ያዝ አድርገው አቀፉት።

«አይዞህ ልጄ። እግዜር ያጽናህ። በጣም ተጎድተሃል።»

ሽቦ ምን ይበል? «አሜን አባባ» አለና ከሳጥኑ አንዱን ጎን ተሸከመ። እስከ መጨረሻውም ከቤተሰቡ ጋር ቆመ።

ወደ ማደያው ተመለሱ። ሽቦ አምፕሊፋየሩን ከወንበሩ ጀርባ ካለው ብረት ጋር በብሎን አጠበቀው፤ ወፍራሙን ገመድ በአንድ በኩል፣ የድምፁን ሽቦ በሌላ በኩል አሳልፎ የወለሉ ምንጣፍ ሥር ደበቃቸው። ዳሽቦርዱን ገጠሙ። አድራሽ ብርድ ልብሱን፣ ጃንጥላውንና ጀሪካኑን አግዳሚው ሥር ወሸቃቸው። ሽቦ ቤት የሚጠብቁትን ሁለት ዘበኞች አስታውሶ ተነፈሰ፤ ተለያዩ።

አድራሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ ደረሰ። ሚስቱ ደጅ ወጣች። ከተጋቡ ጀምሮ በዚያች መኪና አንድ ቀን እንኳን ተቀምጣ አታውቅም፤ «የምሄድባት ቀን ሲደርስ ሳልወድ እሄዳለሁ፤ ምን አስቸኮለኝ» ትል ነበር። ዛሬ ግን በሩን ከፍታ ገባች።

«እስቲ አሰማኝ።»

ሙዚቃ ከፈተላት። ሚስቱ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ድምፁ እንደ ጥሩ ቤት ሰፋ ያለ ነው፤ አንድም የሚያንቋርር ነገር የለበትም።

«ያምራል» አለች። «በእውነት ያምራል። ይሄማ ሙት ይቀሰቅሳል!»

መልስ ስታጣ ዘወር ብላ አየችው። አድራሽ መሪውን እንደያዘ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ያን ሁሉ ከበሮና ክራር እያስጮኸ ተኝቷል። ልትስቅ ብላ ጠጋ አለች። ፊቱን እንዲህ በቅርብ በብርሃን ካየችው ቆይታለች፤ ከዐይኑ ሥር ያለው ቆዳ እንደ ባዶ ኪስ ተንጠልጥሏል። አልቀሰቀሰችውም። ዘፈኑ እስኪያልቅ አብራው ተቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ሲያስር፣ «አለቃህን ዛሬ አነጋግረው» አለችው። «ሩቅ አገር ስትሄድ አድረህ ነው የምትመለሰው። አንተ ካፈርክ እኔ እሄዳለሁ።»

«ቴፑን አስገባሁ አይደል?»

«ቴፑ እንቅልፍህን አይተኛልህም።»

አድራሽ አለቃውን አነጋገረ። አለቃው አጉረመረመ፤ መኪና አንድ ቀን ስትቆም የሚጎድለውን ሁሉ ቆጠረ፤ ሚስቱ ልትመጣ እንደምትችል ሲሰማ ግን እሺ አለ። በዚያው ሳምንት አድራሽ የአንድ ሽማግሌ አስከሬን ወደ ሩቅ አገር አደረሰ። ቀብሩ አለቀ። ከመንገድ ዳር ካለች አነስተኛ ማረፊያ ክፍል ተከራየ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ጎኑ አልጋ ሲነካ ገና ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ሲነቃ የት እንዳለ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።