የባሂራ የስፌት ክፍል

ወልቂጤ ሲደርሱ የባሂራ ትዕግስት አልቆ ነበር። ከጅማ የተነሱት ሱብሂ እንደሰገዱ ነው፤ ባሏ ሙሀይሚን ግን ከተማ ባየ ቁጥር መኪናውን ያቆማል። ወልቂጤ ላይ ምሳ በሉ። ከምሳ በኋላ ሻይ አዘዘ፣ ሁለተኛም ደገመ። ከዚያ ጎማው ይታይልኝ ብሎ ጎሚስታ ቤት ገባ። ጎማው ምንም አልሆነም።

"ሙሄ፣ ዛሬ ቤታችን እንገባለን ወይስ እዚሁ እንከርማለን?" አለችው።

"ምን ያስቸኩልሻል? እረፍት ላይ እኮ ነን።"

"አስራ ሁለት ቀን አረፍን፣ በቃ! ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ስልሳ ዩኒፎርም ይጠብቀኛል።"

ባሂራ ቡታጅራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ክፍል አለው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራችው እዚያ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ በቁመቷ ልክ ያሠራችው መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በየሚስማሩ የተንጠለጠለ ሥራ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን የያዘ ነበር።

ጉዞውን ያመጣው ሙሀይሚን ነው። በተጋቡ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሆሳዕና አሳልፏት አያውቅም፤ በነሐሴ መጨረሻ ድንገት የመለዋወጫ ሱቁን ዘጋና "አገር እንይ" አላት። ጅማን፣ ቦንጋን፣ ሚዛንን አዩ። ደስ ብሏት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሏት ነበር። ፊታቸውን ወደ ቤት ካዞሩ ጀምሮ ግን ሰውየው ሌላ ሆነ። አያወራም፣ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ በረባ ባልረባው ይቆማል።

አረቅጥ ላይ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ሙሀይሚን ወርዶ ድንች ሊገዛ ሄደ። ባሂራ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ግማሽ ሰዓት ጠበቀችው። አንድ ሙሉ ጆንያ አስጭኖ ተመለሰ።

"ሁለት ሰዎች ነን። ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?"

"ይበላል" አለና ሞተሩን አስነሳ።

ቁልቁለቱን እየወረዱ ሳለ ስልኳ ጠራ። ጎረቤቷ ፈቲሀ ነበረች።

"ባሂዬ፣ መቼ ነው የምትገቡት? አማትሽ ደጋግመው እየጠየቁኝ ነው።"

"አማቴ? እንሴኖ አይደሉም እንዴ?"

"ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ እናንተ ቤት ናቸው። ባልሽ በላካቸው ሰዎች በስፌት ክፍልሽ አልጋ ተዘርግቶላቸው... አልነገረሽም እንዴ?"

ባሂራ ስልኩን ዘጋች። "መኪናውን አቁም።"

"ቤት ስንደርስ እንነጋገር..."

"አቁም አልኩህ!"

ዳር ይዞ አቆመ። ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም።

"እናትህን እስክታስገባ ነው አገር ላገር ያዞርከኝ?"

"ወድቃ ነበር፣ ባሂ። ጓሮ ወድቃ ግማሽ ቀን ማንም አላያትም። ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም። ብጠይቅሽ ደግሞ እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"እና ሳትጠይቀኝ እምቢ አልኩ ማለት ነው?"

"መንገድ ላይ ልነግርሽ ነበር። ቦንጋ ላይ ልነግርሽ አስቤ፣ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ ስለማላውቅ ተውኩት።"

ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ይህ ነው። ቦንጋ ላይ ጫማዋን አውልቃ እየሳቀች ወንዝ ውስጥ የገባችበትን ቀን የራሷ ብቻ አድርጋ ይዛው ነበር፤ እሱ ግን የውሸቱ ሰበብ አደረገው። "ንዳ" አለችው።

አስር ሰዓት ገደማ ቡታጅራ ቤታቸው ደረሱ። የስፌት መኪናዎቿ በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሰው ቆመዋል፤ የአንደኛው ላስቲክ ተገልጦ ዝናብ ገብቶበታል። በየመጠኑ ቆርጣ፣ ቁጥር ጽፋ ያሰረችው ጨርቅ ሁሉ ተደበላልቆ ሁለት ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቋል። አንድ እጅጌ መዘዘች፤ የማን እንደሆነ አላወቀችም።

አማቷ መሕቡባ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

"እንኳን በሰላም ገባሽ ልጄ! አላህ ይስጥሽ። ሁለቴ አልመጣም ብዬው ነበር። ባሂራ ራሷ ናት ክፍሏን የለቀቀችልሽ ሲለኝ ነው የመጣሁት።"

ባሂራ ወደ ባሏ ዞረች። ጆንያውን ተሸክሞ ቆሟል፤ ማስቀመጡን ረስቶታል።

"እማ፣ እኔ አልለቀቅኩም" አለች። "መምጣትዎን ዛሬ መንገድ ላይ ነው የሰማሁት።"

የአሮጊቷ ፊት ተለዋወጠ። ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። "እኔንም ዋሽተኸኛል" አሉት። "ጓዜን አምጣና እንሴኖ መልሰኝ። ባልተጠራሁበት ቤት አላድርም።"

"እማ፣ እባክሽ..."

"አይሄዱም" አለች ባሂራ። እሷም ራሷ ገረማት። "እርስዎ ምን አጠፉ? በዚህ እግርዎ የትም አይሄዱም። እኔ ግን በረንዳ ላይ አልሰፋም። ሙሀይሚን፣ ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን ከሳሎን አውጣ።"

"ሳሎኑን? እንግዳ ሲመጣስ የት ልናስቀምጠው ነው?"

"እንግዳ ስታመጣ መች ጠየቅከኝ?"

ሊመልስ አፉን ሲከፍት እናቱ ቀደሙት። "ቴሌቪዥኑን አንሳ ተብለሃል።"

መግሪብ እስኪደርስ ብቻውን ዕቃ ሲያመላልስ ቆየ። ባሂራ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ማዳበሪያዎቹን ዘረገፈች። መሕቡባ አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡና እጅጌውን ከኮሌታ፣ ኪሱን ከቀበቶ እየለዩ ያቀብሏት ጀመር። ቁጥር ማንበብ ባይችሉም ዓይናቸው አይስትም ነበር።

ሙሀይሚን ጨርሶ መጥቶ "ይቅር በይኝ" አላት።

"አሁን አልችልም" አለችው፣ ቀና ሳትል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠርታም ትምህርት ቤት ሲከፈት ስምንት ዩኒፎርም ቀረባት። ወላጆቹ እየተቆጡ ሲመጡ ባሂራ ሰበብ አልደረደረችም። "ለምን እንደዘገየ ባለቤቴ ይነግራችኋል" እያለች አንድ በአንድ ወደ ሙሀይሚን ሱቅ ላከቻቸው። ለስምንቱም ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ቆሞ አስረዳ።