ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣነው

ሰው ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ ከተሰበሰበ መርዶ ነው፤ መጠየቅ አያስፈልግም። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፤ የነፍስ አባት ከፊት ይቆማል፤ «እስቲ ግቢና ቁጭ በይ» ይላሉ። ምን ሆናችሁ ሲባሉ፣ «ኧረ ምንም፣ ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣነው» ይላሉ። ቀጥሎ «ትንሽ አሞታል» ይመጣል። እኔ ራሴ በዚህ በየካ ዳገት የስንቱን ደጅ አንኳኩቼ ይህንኑ ውሸት ዋሽቻለሁ። ባሌ ፀሐዬ በመኪና አደጋ የሞተ ጊዜ ለእኔ የተላኩት ሽማግሌዎች ስለ ጤፍ ዋጋ ሁሉ አውርተው ነበር። እኔም ሞኟ «አዎ፣ ዘንድሮስ ጣራ ነካ» እያልኩ መለስኩላቸው። ሁለተኛ እንደዚያ አልታለልም ብዬ የማልኩት ያኔ ነው።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት በርበሬዬን ልሸጥ ወደ ሾላ ገበያ ለመውረድ ነጠላዬን አጣፍቼ የግቢዬን በር ስከፍት፣ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት የነፍስ አባቴ፣ የኪዳነ ምሕረቱ አባ ሠረቀብርሃን፣ መስቀላቸውን ይዘው። ከጎናቸው የእድራችን ዳኛ ኃይለ መስቀል፣ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ አፍንጫው ቀልቶ። ከኋላቸው ደግሞ ጎረቤቴ ዱሬሳ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ መሬት መሬት እያየ።

ዱሬሳ! እሱማ ደጄን ከረገጠ ዓመት አልፎታል።

የእኔ ባሮክና የዱሬሳ ሊሊሳ አብረው ነው ያደጉት። በአጥራችን መሀል ቀዳዳ ነበረች፤ ዶሮዎቹም ልጆቹም በዚያችው ይመላለሱ ነበር፤ ማን የት እራቱን እንደበላ የሚጠይቅ አልነበረም። ባሮክ ኦሮምኛውን የተማረው ከሊሊሳ እናት ከዳርቱ ነው፤ ሊሊሳ ደግሞ ስድቡን ከእኔ። ካደጉ በኋላ ሊሊሳ ወታደር ሆነ። ባሮክ «ሥራ ልፈልግ» ብሎኝ፣ ቁርሱን በልቶ ወጥቶ ጫካ ገባ። አንዱ አገር ሊጠብቅ፣ አንዱ አገር ሊያድን፤ የሁለቱም አገር ያው አንድ መሆኑ ነው ግራ የሚገባኝ። ልኩ የቱ ነው ብትሉኝ አላውቅም። ቴሌቪዥኑን ሳይ አንድ ነገር ይመስለኛል፣ ስልኩን ሳይ ሌላ። ሊሊሳ ለእረፍት የወታደር ልብሱን ለብሶ የመጣ ዕለት ግን የአጥሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፈንኩት። ዳርቱን ሰላም ማለት ተውኩ። ዱሬሳን ደግሞ፣ ያን ሁሉ ዘመን አንተ ስለው የኖርኩትን ሰው፣ አንቱ ማለት ጀመርኩ። አንቱታም አጥር ነው።

ከፋሲካ ወዲህ የባሮክ ስልክ አይሠራም። በደወልኩ ቁጥር ያቺ የስልኳ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። ሴትዮዋን ራሷን ጠልቻታለሁ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ አባ።

ዓይኔ ዱሬሳ ላይ ነው።

«እስቲ እንግባና ቁጭ በይ» አለ ኃይለ መስቀል።

«አልቀመጥም! ንገሩኝ!»

«ምኑን ነው የምንነግርሽ? ኧረ ወለቴ፣ ተረጋጊ! ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣነው!»

በቃ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ነጠላዬን ወርውሬ ደረቴን መታሁ። «ባሮኬን! ልጄን! ልጄን የት ጣላችሁብኝ!»

ኃይለ መስቀል ሁለት እጁን እያወዛወዘ በለቅሶዬ ላይ ይጮሃል። «ስለ መንገዱ ነው! ስለ ምክክሩ ነው! ሦስት ሰዓት ላይ ነው!» የመንገዱን ነገር መች አጣሁት። አንድ ባለሀብት ወደ ጸበሉ የሚያወጣንን መንገድ በሽቦ አጥሮብናል። ወጣቶቹ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብለው መኪና አናሳልፍም አሉ፤ ዱላ አላነሱ፣ ድንጋይ አልወረወሩ፣ ዝም ብለው መቀመጥ ብቻ። ገሚሱ ታሰረ። ከዚያ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለና ግማሹ እንደተቀመጥን እንቆይ አለ፣ ግማሹ ተነስተን እንነጋገር አለ፤ በዚህ የተነሳ ለቅሶ ላይ እንኳ ጎን ለጎን የማይቀመጡ አሉ። ይህን ሁሉ፣ ሁለቱን ወገን ለማስማማት ለዚያ ቀን ምክክር መጠራቱንም ጭምር አውቃለሁ። ግን በዚያች ሰዓት ለእኔ መንገዱም ምክክሩም የጤፍ ዋጋ ነው። ሰውየው በጮኸ ቁጥር ልጄ የባሰ ሞተ።

«ትንሽ አሞታል የምትሉኝ መቼ ነው?» አልኩት።

«ማን ነው ያመመው? ማንም አልታመመም!»

«ወይኔ! እንዲያውም ሳይታመም!»

ይኼኔ ዱሬሳን አየሁት። ኃይለ መስቀል ሲሟገተኝ እሱ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። አንገቱ እንደተደፋ ነው። ውስጤ ታፍኖ የከረመው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ።

«አንተ! ያንተ ልጅ ነው አይደል የገደለው? ለዚህ ነው ቀና ብለህ ልታየኝ ያቃተህ!»

አባ «ኧረ በስመ አብ» አሉ። ዱሬሳ ግን አንገቱን የባሰ ደፋ።

ለቅሶ ዳገት አያግደውም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከላይም ከታችም ግር ብለው ገቡ። አንዷ ገና ከበሩ «ያ ባሮክ፣ ያ ሳቂታ!» እያለች ሙሾ ማውረድ ጀመረች። የእድሩ ወጣቶች ማንም ሳያዛቸው መጋዘኑን ከፍተው ድንኳኑን ተሸክመው ደረሱ። ኃይለ መስቀል በሩ ላይ ቆሞ «መልሱት! ሰው አልሞተም! ድንኳኑን መልሱ!» እያለ ይገፋቸዋል፤ እነሱም የእድሩ ዳኛ ሐዘን አእምሮውን ነካው መሰላቸውና «አይዞዎት ጋሼ» ይሉታል። ለቅሶው የራሴ ባይሆን ኖሮ እኔም በሳቅ እሞት ነበር።

ከዚያ ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ተገፋ፣ ወደቀ። ዳርቱ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች፤ ሻሿ ወድቋል፣ ጫማ አላደረገችም። ወደ እኔ የመጣች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ያየችው ባሏን ነው፤ ቄሱ አጠገብ፣ በለቅሶ መሀል፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«ማል ታኤ? ዱሬሳ! ምን ሆነ? ልጄ ነው? ሊሊሳ ነው?»

መልስ ሳትጠብቅ መሬት ላይ ተዘረረች። እኔ ባሮኬን እላለሁ፣ እሷ በኦሮምኛዋ ሊሊሳ ኮ፣ ሊሊሳዬ ትላለች። ሴቶቹ የቱን ስም እንደሚጠሩ ግራ ገባቸው፤ አንዷ ሁለቱንም ትጠራ ጀመር። እኔም ከለቅሶዬ መሀል ቆም ብዬ የማን ልጅ ነው የሞተው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ ልቤ የእሷ ይሁን፣ የእሷ ይሁን አለ። ካልተናገርኩት ውሸታም ነኝ፤ ልቤ እንደዚያ ብሏል።

አባ ሠረቀብርሃን መስቀላቸውን ወደ ላይ አንስተው «ዝም በሉ!» ብለው ጮሁ። እኒያ ቅዳሴ ላይ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማው ሰውዬ። ግቢው ጸጥ አለ።

«ይማሉልኝ አባቴ» አልኳቸው።

«ካህን አይምልም፣ ልጄ። ነገር ግን ስለ ባሮክ የሰማሁት አንዳች ነገር ካለ ይህ መስቀል ይፍረድብኝ።»

«እኔም የልጆቼን ሞት!» አለ ኃይለ መስቀል። «ስለ ባሮክ ምንም አልሰማሁም። የመጣነው ዛሬ ምክክሩ ላይ ለሰፈሩ እንድትናገሪልን ልንለምንሽ ነው። በጠዋት የመጣነው ሾላ ሳትወርጂ ልንደርስብሽ ብለን ነው። ይኸው ነው! እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ!»

የልጅን ሞት ምሎ የሚዋሽ በሰፈራችን የለም። አመንኩት። ከዚያ እንዴት እንደሳቅኩ አላውቅም፤ እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ፣ ሴቶቹም ሳቁ። «ያልሞተ ሰው አስለቀስሽን፣ ለእኛ እንባ ማን ይከፍላል!» አለችኝ አንዷ። ወጣቶቹ ድንኳኑን መልሰው ተሸከሙ። ዳርቱም ከመሬት ተነስታ አቧራዋን አራገፈች፤ አየችኝ፤ አየኋት። ከተያየን ከዓመት በላይ ሆኖናል።

«ከሰው ሁሉ መርጣችሁ እኔን?» አልኩት ኃይለ መስቀልን። «ልጇ ጫካ የገባባትን?»

«ያለ አንቺ ሁለቱም ወገን የሚሰማው ሰው የለም ያለው ዱሬሳ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እሱ ነው የተከራከረልሽ።»

ገዳይ ብዬ የሰደብኩት ሰው። የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ልለው ወደ እሱ ዞርኩ።

ዳርቱ ናት የቀደመችኝ። ድንጋጤው ሲለቃት ጨዋታ አማራት መሰለኝ፣ የባሏን ትከሻ መታ አደረገችው። «አንተ ደግሞ እንደ ሬሳ ተገትረህ ልቤን አፈረስከው። እነሱ ሁሉ ምለዋል፤ አንተም ማል እንጂ! የሊሊሳን ሞት ምንም አልሰማሁም በል።»

ዱሬሳ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው።

«በላ!» አለች፤ አሁንም እየሳቀች።

አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተ። ኃይለ መስቀል ወደ አባ አየ፣ አባ ወደ ኃይለ መስቀል፤ እነሱም አያውቁም ነበር ለካ። የዳርቱ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ባለፈው ሳምንት ጓደኛው ደወለልኝ» አለ ዱሬሳ። ድምፁ በግድ ነው የሚሰማው። «ልነግርሽ ነበር። በወጉ፣ ሽማግሌ አስቀምጬ። ከዛሬው ምክክር በኋላ ብዬ ነው የቆየሁት። ድንኳን ውስጥ ከተቀመጥኩ ከማንም ጋር መነጋገር የማልችል መሰለኝ፣ ዳርቱ። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ጠላቴ የሚሆን መሰለኝ። ልጁ እንዳልሞተበት ሰው ሆኜ አንድ ቀን ልቀመጥ፣ ወለቴም ስትናገር ልስማ፣ ከዚያ...»

ማንም አልጮኸም። ያ ሁሉ ለቅሶ ለሌለ ነገር አልቆ፣ ላለው ነገር የቀረ አልነበረም። ዳርቱ ሄዳ የቤቴ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ወጣቶቹ ድንኳኑን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ኃይለ መስቀል ዝም ብሎ በእጁ ጠራቸው። ሴቶቹ አቅንተውት የነበረውን ነጠላ መልሰው አዘቀዘቁ።

እኔ መሀል ግቢዬ ቆምኩ። የእኔ አይደለም፣ የእኔ አልሞተም ይላል ልቤ፤ ደስ ይለዋል፤ እኔ ደግሞ ልቤን አውጥቼ ብጥለው ደስ ባለኝ። አባቱን የሰደብኩት ስድብ እየሰበረኝ፣ ያ ከእኔ ስድብ የተማረ ልጅ ዓይኔ ላይ መጣ። ለእሱ አለቀስኩ፤ ግን ላለቅስለት መብት አለኝ? የአጥሩን ቀዳዳ የደፈንኩበት እኔ አይደለሁም? ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አለፈም። ምክክሩ ላይ ማን ሄዶ ምን እንደተናገረ አልጠየቅኩም።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልንካት፣ አልንካት አላወቅኩም። እሷ ናት እጄን የያዘችው። ወንዶቹ የድንኳኑን ካስማ ሲመቱ እያየን ቆየንና፣

«ወለቴ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ሊሊሳ የሞተ ቀን፣ ባሮክ የት ነበር?»

በተራ ድምፅ ነው የጠየቀችኝ፤ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው እንደሚጠየቅ።

«አላውቅም ዳርቱ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ይህን ስላት እጄን የምትለቅ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀችም፤ እንዲያውም እስኪያመኝ ድረስ ጨብጣ ያዘችኝ። የያዘችኝ እንዳልርቃት ይሁን እንዳላመልጣት፣ እስካሁን አልገባኝም።