ደፍጣጣው አረር

«ሹሉን ነው የምፈልገው፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ጉልላት፣ የንፍሮውን ሳህን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «ደፍጣጣው ለእናንተ ይቅር፤ ለመታሰቢያ።»

ቤተልሄም ዓይኗን ወደ ድንኳኑ ጥግ መለሰች። ዛሬ የአባቷ የአቶ አምሐ ሳልስት ነው። ለለቀስተኛ ቦታ እንዲኖር ቤቱ ባዶ ሲደረግ የመሥሪያ ጠረጴዛቸውም ወጥቶ ድንኳኑ ጥግ ቆሟል፤ የእድሩ ብርጭቆ ተደርድሮበታል። መሳቢያው ውስጥ ሁለት የአረር ማፍሰሻዎች አሉ። እንደ ጉጠት የሚከፈቱ፣ የቀለጠ እርሳስ የሚፈስባቸው ብረቶች ናቸው። አንደኛው ሹል አረር ያወጣል፤ ሌላኛው ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን።

ጋሽ ጉልላት ፈቃድ ያላቸው አዳኝ ናቸው። ጠመንጃቸው የአፈሙዙ ስፋት መካከለኛ ነው፤ ዕድሜው ግን ከባለቤቱ ስለሚበልጥ ጥይቱ ገበያ ላይ አይገኝም። ጠመንጃውን የሚጠግኑላቸውም አረሩን የሚያፈሱላቸውም አምሐ ነበሩ። አሁን ራሳቸው ሊያፈሱ ነው፤ በዚህ ሳምንት ወደ ቆላ ይወርዳሉ።

«ስጪያቸው በቃ» አላት ወንድሟ ኢዮስያስ በጆሮዋ። «ለቅሶ ላይ ትልቅ ሰው እምቢ ይባላል እንዴ?»

አይባልም። እሷም ታውቃለች። ልቧ ግን እምቢ አለ።

ልጅ ሳለች አባቷ 18 ማዞሪያ ካሉ ጎሚስታዎች የለቀሙትን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ጓሮ ሲያቀልጡ አጠገባቸው ትቆም ነበር። ላይዋ የተሸበሸበ አረር ካዩ ያለ ምንም ርኅራኄ መልሰው ድስቱ ውስጥ ይጨምሯታል። ያማረችዋን ግን ቀዝቅዛም ቢሆን እፍ፣ እፍ ብለው ነው ልጃቸው መዳፍ ላይ የሚያስቀምጧት።

«ሹሉ ያምራል፣ አባዬ» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ለማማሩማ ያምራል። ግን እርሳስ እንደ ፋብሪካው ጥይት አይፈጥንም። ሹል ከሆነ ጠባብ ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል፤ አውሬው ቆስሎ ጫካ ይገባል። ፊቱ ሰፋ ሲል እዚያው ያሳርፈዋል። መግደል ካልቀረ ማሰቃየት ምን ይሉታል?»

ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ጋሽ ጉልላት በሹሉ አረር አንድ ድኩላ አቁስለው ጥለውት ተመልሰው ነበር። አምሐ ይህን ሲሰሙ፣ አደን የማይወዱት ሰውዬ፣ ጫካ ገብተው ድኩላውን እስኪያገኙት ድረስ ፈለጉ። ሱሪያቸው በእሾህ ተዘልዝሎ ነው የተመለሱት። ከዚያ ወዲህ ሹሉ ማፍሰሻ ከመሳቢያው ወጥቶ አያውቅም፤ ሌላም አውሬ እንዳያቆስል ሰግተው ለማንም አልሰጡትም። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሞተባት።

ተነሳች። ብርጭቆዎቹን ገፋ አድርጋ መሳቢያውን ከፈተችና ደፍጣጣውን አወጣች።

«ጋሼ፣ ሹሉን አልሰጥዎትም።»

ኢዮስያስ ከንፈሩን ነከሰ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ለቀስተኞችም ዞር አሉ።

«ሹሉ ሩቅ ይሄዳል እኮ፣ ቤቲዬ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ እንደ ድሮው አድብቼ መጠጋት አልችልም።»

«መጠጋት ካልቻሉ አይተኩሱ። ድኩላውን ረሱት እንዴ?»

ጋሽ ጉልላት ሳህኑን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ውጭ የታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ይጮሃል።

«መች ይረሳል» አሉ በመጨረሻ። «የዚያን ቀን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። የተቀደደ ሱሪውን ብቻ አሳየኝ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «በይ፣ እሱ የመረጠውን ስጪኝ።»

ማፍሰሻውን ሰጠቻቸው። ከመሳቢያው ጥግ ደግሞ አባቷ መጨረሻ ያፈሰሷት አንዲት ደፍጣጣ አረር አነሳች፤ ላይዋ ለስላሳ፣ አንድም ሽብሽብ የሌላት። ሽማግሌው ለመቀበል መዳፋቸውን ዘረጉ።

አረሯ ከቀዘቀዘች ሰንብታለች። ቤተልሄም ግን ወደ አፏ አስጠግታ እፍ፣ እፍ አለችባትና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠቻት።